ለባዶ መኪና የተሰፋ አሸዋ

«ስትጭን የምትለሰልስ፣ ባዶዋን ስትሄድ ደግሞ አጥንት የምትሰብር መኪና፤ ይቺ ምን ዓይነት መኪና ናት?» ብሎ ጠየቃት ባሏ።

ከኋላው ወንበር ጥግ ላይ ተቀምጣ ራሱን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። እሱ ጉልበቱን አጥፎ በጀርባው ተንጋሏል። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ፒካፗ አንድ ድንጋይ በረገጠች ቁጥር የባሏ ፊት ይጨማደዳል፤ የእሷም ፊት አብሮ ይጨማደዳል። ይህችን መኪና ዕድሜውን ሙሉ የነዳት እሱ ራሱ ነበር። ከካባው ድንጋይ ጭኖ ሲወርድ «እንደ ጀልባ ነው የምትንሳፈፈው» እያለ ያወራላት ነበር። አሁን ሾፌሩ በሽተኛ፣ ካሶኒውም ባዶ ሲሆን ያችው መኪና ጠላት ሆነችበት።

«እኔ ምኑን አውቄ፤ ሾፌሩ አንተ» አለችው።

«ሾፌርማ የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው። ለካ የመኪና ጸባይ የሚታወቀው ተኝተው ሲሄዱ ነው።»

መሪውን የያዘው ልጃቸው በመስታወቱ አያቸውና ፍጥነቱን ቀነሰ። ባሏ ሲቀልድ ደስ ይላታል። የሚቀልደው ሲያመው መሆኑን ስለምታውቅ ግን ደስታዋ ሁልጊዜ ግማሽ ነው።

የወደቀው ከጭነት ላይ ነው። ገመድ እያሰረ ሳለ እግሩ ከዳውና በወገቡ ወረደ። ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ ሐኪሟ ለብቻዋ ጠርታ፣ «እግሩ አልሞተም፤ ተኝቷል። ለእንቅስቃሴ ሕክምናው ሳያቋርጥ ከመጣ በከዘራ ሊቆም ይችላል። ካቋረጠ ግን ተስፋ አልሰጥሽም» አለቻት። «ሳያቋርጥ» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እሾህ ደረቷ ውስጥ ተቀመጠ። ሳህን ስታጥብም ልብስ ስታሰጣም ይወጋታል። አንድ ቀን የግራ እግሩ አውራ ጣት ሲንቀሳቀስ ጎረቤት ሁሉ ጠርታ አሳየች። ሰው አልጋውን ከቦ ጣቱን እንደ አዲስ ሙሽራ አየው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ባሏ ከሆስፒታል ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ወገቡ አብጦ ይተኛል፤ ቀጠሮው ሲደርስም «ዛሬስ ይቅር» ይላል።

«ሆስፒታሉ የሰጠኝን መንገዱ ይቀማኛል። ለምን እደክማለሁ?»

እሷ ግን ከጥያቄው ጋር ተኝታ ከጥያቄው ጋር ተነሳች። ስትጭን የምትለሰልስ ከሆነ፣ ምን አስጨነቀን? እንጫናት። ወደ ምራቷ ሄደች። ምራቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከፊት ለፊቱ ክፍል መስኮት ሥር የስፌት መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቤት ይኖራሉ እንጂ አይዋደዱም። እናትየው የምራቷን ስፌት ሳትገለባብጥ አታልፍም፤ ምራቷም ስትገለባብጥ አይታ ሳትተነፍስ አታልፍም።

«እነዚህን ባዶ ማዳበሪያዎች ስፌታቸውን ታጠብቂልኛለሽ? አሸዋ ልሞላባቸው ነው።»

«አሸዋ ምን ይሠራል፣ እማማ?»

«ለባሌ ፍራሽ ነው።»

ምራቷ ቀና ብላ አየቻትና ያለ ጨዋታ ሰፋችላት። እናትየው ስድስት ማዳበሪያ ግማሽ ግማሽ ሞልታ፣ ጎረቤቷ እያገዘቻት ካሶኒው ላይ ደረደረች። ጎረቤቷ የሆዷን የማትይዝ ናት። «ሰው ለበሽተኛ ብርቱካን ይዞ ይሄዳል። የእናንተ ቤት አሸዋ» አለቻት።

ሠራ። ያን ቀን መኪናዋ አደብ ገዛች። ጨርሳ ባትለሰልስም እንደ ድሮዋ አላላጋችም። ባሏ ግማሹን መንገድ ተኛ። አፉን ከፍቶ ሲያንኮራፋ እሷ ትንፋሿን ውጣ፣ ልጇን በምልክት «ቀስ» እያለች፣ እንዳይነቃ ስትጠብቅ ከተማ ደረሱ።

ልጇ ግን በአሸዋው ተሰላቸ። ድንጋይ ሊጭን ሲል ማውረድ፣ አባቱን ሊወስድ ሲል መጫን። «ሥራዬ ሹፍርና ነው ወይስ አሸዋ ማዘል?» ይላል። ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ሲናገር የተጠራቀመውን ነው የሚናገረው። በመጨረሻ እናቱን ይዟት ወደ ጎሚስታው ሄደ። ጎሚስታው የባሏ የድሮ ደንበኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጆሮው በኮምፕሬሰር ጩኸት የደነዘዘ ሰው ነው። የኋላውን ጎማ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«እናቴ፣ ይህ የከባድ ጭነት ጎማ ነው። ጎኑ ወፍራም፣ ድርቡ ብዙ። ክብደት ካላረፈበት አይለመጥም። ያልተለመጠ ጎማ ደግሞ ድንጋዩን አይውጥም፤ ከሥሩ ላለው ሞላ፣ ለባሌስትራው ያቀብላል። ባሌስትራው ለወንበሩ፣ ወንበሩ ለአባባ ወገብ።»

«ንፋሱን ብትቀንስለትስ?»

«ቀንሼለታለሁ፤ ባዶውን ሲሆን ትንሽ ይረዳል። ከዚህ በታች ባወርደው ግን ድንጋይ የጫነ ዕለት ይግልና ይፈነዳል።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ለቀላል ጭነት የተሠራ ጎማ። እሱ ለስላሳ ነው፤ ለሰው ይመቻል። ያገለገለ፣ ጥርሱ ያላለቀ አለኝ። የእናንተን እዚህ ላስቀምጥላችሁና በዚያ ሂዱ። ግን ካባውን እርሱት።»

ካባውን መርሳት ቀላል አልነበረም። እቤት ሲደርሱ ልጇ ቁጭ አላለም።

«ካባውን ትቼ ምን ልሠራ ነው? እጄን አጣጥፌ አባዬን ላመላልስ?»

«እስኪቆም ድረስ ብቻ። አባትህ ይቁምልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ ተራራውን አፍርሰህ ጫን።»

«የምጭንለት ኮንትራክተር አይጠብቀኝም፣ እማዬ።»

«ለምነው። ሠራተኞቹን አመላልስለት። ሰው መጫን ሥራ አይደለም? በጡቴ ይዤሃለሁ።»

አባትየው ከአልጋው ሆኖ፣ «ልጁን አታስጨንቂው» አለ። ግን ድምፁ ውስጥ ልመና ነበር፤ ልጁም ሰማው። በማግስቱ «ሰው እንዳመላልስ ፈቅዶልኛል» ብሎ መጣ። እናትየው ጉልበቱን ልትስም ስታጎነብስ ሸሽቶ ወጣ።

ጎማው ሲቀየር እሷም ነበረች። ማንበብ የተማረችው በቅርቡ፣ ልጇ አድጎ ካበቃ በኋላ ነው፤ እና ፊደልም ሆነ ቁጥር ያረፈበት ነገር ካየች ሳታነብ አታልፍም። ቁጢጥ ብላ ጣቷን በጎማዎቹ ጎን ላይ አስኬደች። ጎሚስታው ቀደም ብሎ «ጭነቱ የሚታወቀው በዚች ቁጥር ነው» ብሎ አሳይቷት ነበር። በወረደው ላይ መቶ ሃያ አንድ ይላል። በሚገባው ላይ መቶ አራት።

«ይኸው ነው? ልዩነቱ አሥራ ሰባት ብቻ ናት» አለች።

ጎሚስታው አልሰማትም፤ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ቸርኬውን በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ልጇ ሰማ። «ጎበዝ፣ እማዬ» አለና ሳቀ፤ ሌላ አልጨመረም። ሲጨርሱ ጎሚስታው ልጁን ጎተት አድርጎ ወደ ካሶኒው እየጠቆመ አንድ ነገር ነገረው። ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አለህ?» አለችው ሲወጡ።

«ስለ ንፋስ ነው።»

በአዲሶቹ ጎማዎች የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ባሏ ምንም አልቀለደም። ኮረኮንቹን ጨርሰው አስፋልት ሲይዙ፣ «አለፍነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

ታዲያ አሸዋውን ለምን ታውርድ? የጠቀማቸው አሸዋ ነው። ጠንካራውን ጎማ ያለሰለሰ፣ ለስላሳውን ደግሞ ቅቤ ያደርገዋል ብላ አሰበች። በልስላሴ ላይ ልስላሴ ቢጨመር ማን ይጎዳል? ልዩነቷም እንደሆነ አሥራ ሰባት ናት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አካፋዋን ይዛ ስትነሳ ልጇ ከእጇ ተቀበላት።

«ወገብሽን አትጉጂ። ከእንግዲህ እኔ እደረድራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሁሌ እሱ ነው የሚጭነው። ገና ሰው ሳይነሳ መኪናዋን ይዞ ይወጣል፤ ሲመለስ አሸዋው ተደርድሮ፣ ሸራ ለብሶ፣ በገመድ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። እናትየው በየደጁ አወራችለት።

«ያ አሸዋ ማዘል የሰለቸው ልጅ ተለወጠ። የወለደ አንጀት ይባላል፤ የተወለደም አንጀት አለው ለካ።»

ጎረቤቷ ቅናት በተቀላቀለበት ድምፅ፣ «እኔስ አምጬ ያሳደግሁት ውኃ እንኳ አያቀብለኝም» አለች። ምራቷ በመስኮቱ ሥር ክሯን በጥርሷ በጠሰች እንጂ ቀና አላለችም። ያን ሰሞን ከስፌት ይልቅ ልብስ ማጠብ በዝቶባት ነበር። የልጁ ሸሚዞች ከገመድ ሲወርዱ እንደ ጣውላ ይደርቃሉ። እናትየው አንዱን አንስታ፣ «ሳሙናው በደንብ አልለቀቀም፣ ልጄ» አለቻት። ምራቷ «እሺ» ብላ እንደገና ነከረችው።

አሮጌው ሾፌር ግን ተሻለው። አንድ ቀን በሆስፒታሉ ሁለቱን የብረት መደገፊያዎች ይዞ ተነሳ። ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ላቡ እየወረደ፣ ቆመ። ሚስቱ ከፊቱ ቆማ ቀና ብላ አየችው። ስንት ወር ሙሉ ቁልቁል ስታየው ኖራ፣ ከእሷ የሚረዝም መሆኑን ዘንግታው ነበር።

«ምን ታፈጥጫለሽ? ቆሞ የሚሄድ ሰው አይተሽ አታውቂም?» አላት።

«ገና አልሄድክም እኮ።»

«እሄዳለሁ።»

የመጨረሻው ጉዞ ጠዋት ነው። ምራቷ ክርና ዚፕ ልትገዛ ከፊት፣ መሪ ከያዘው ባሏ ጎን ተቀመጠች። አሮጌው ሾፌር እንደልማዱ ተንጋሎ ጣሪያውን እያየ ነበር። ገና ከሰፈር ሳይወጡ ግንባሩን ቋጠረ።

«ዛሬ ከብዳለች። በኋላዋ ተቀምጣለች፣ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል» አለ።

«አሸዋው ነው፣ አባዬ» አለ ልጁ።

«አዎ፣ አሸዋዬ ነው» አለች እናት፣ ኮራ ብላ።

አሮጌው ሾፌር ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። ሚስቱን ማስቀየም አልፈለገ ይሆናል።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከኋላ በግራ በኩል ጎማው ፈነዳ። መኪናዋ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ተወዛወዘች፤ ልጁ መሪውን ጨመቀ፤ ቦዩ ውስጥ ገብታ በጎኗ ተኛች። ለሰው የሚወራው ይኸው ነው። እሷ የምታስታውሰው ግን የባሏ ራስ ከጭኗ ላይ ሲነሳ ነው። በሁለት እጇ ይዛው ነበር። አልቻለችም። ግንባሯ ከበሩ ብረት ጋር ተጋጭቶ ራሷን ሳተች። ስትነቃ ሆስፒታል ናት።

ማንም አልሞተም። ሰው ሁሉ «ተመስገን በሉ» ሲል እሷም ተመስገን አለች። ሐኪሟ ግን «ተመስገን» አላለችም። የተጠገነው ወገብ በዚያው በተጠገነበት ቦታ ተሰብሯል። እንደገና ከፈቱት፣ እንደገና ሰፉት፤ ጣቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልተንቀሳቀሰም።

በኮሪደሩ ዘመድ ተሰብስቦ «እንዴት ሆነ?» ሲባል፣ «የእኔ አሸዋ ነው» የምትለው እሷው ነበረች። ሰው «አይ፣ የአምላክ ነገር ነው» እያለ ያጽናናታል። ልጇ ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉን ያያል። አንድ አጎት ነገሩን ሊያጣራ ደጋግሞ ሲጠይቀው ጊዜ፣ ልጁ ቀና ሳይል፣ «ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። በቃ» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ እውነቱን ነው ብላ ተቀበለችው። ቤት ስትገባ የተረፉትን ማዳበሪያዎች በቢላ ተርትራ አሸዋውን ደጅ ደፋችው። ከዚያ ወዲያ እህል አልዋጥ አላት።

ባሏ ቤት ከመጣ በኋላ ወደ ጎሚስታው ሄደች። ለመክሰስም ለመታረቅም አልነበረም። ማወቅ ብቻ ነው የፈለገችው። የፈነዳው ጎማ ከግድግዳው ሥር ተጥሏል።

«ንገረኝ፣ ልጄ። አሥራ ሰባት ኪሎ ነው ያለፍኩት ወይስ ስንት?»

ጎሚስታው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ያ ቁጥር ኪሎ አይደለም፣ እናቴ። ምልክት ነው፤ ትርጉሙ ሰንጠረዥ ላይ ነው ያለው። መቶ ሃያ አንድ የሚለው አንዱ ጎማ ብቻውን አሥራ አራት ኩንታል ተኩል ይችላል። መቶ አራት የሚለው ዘጠኝ ኩንታል። አሥራ ሰባት ያሏት በአንድ ጎማ አምስት ኩንታል ተኩል ናት።»

አምስት ኩንታል ተኩል። ጣቷ የነካው ጎማ፣ አፏ ያነበበው ቁጥር።

«እንግዲያው ገደልኩት» አለች።

«ስንት ማዳበሪያ ነበር?»

«ስድስት። ግማሽ ግማሽ።»

ጎሚስታው ጎማውን አየ፣ እሷን አየ። «ለልጅዎ ነግሬዋለሁ፤ አሸዋውን አውርዱ፣ ሌላም ጭነት አይነካካ ብዬ። ግን ስድስት ግማሽ ማዳበሪያ አሸዋ ይህን ጎማ እንዲህ አይተረትረውም፣ እናቴ። የቀረውን እኔን አይጠይቁኝ።»

እቤት ስትደርስ ምራቷ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። እናትየው ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ከፊቷ ቆመች።

«ከአሸዋው ሥር ምን ነበር?»

ምራቷ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መኪናዋ ቀስ እያለች ቆመች።

«ሲሚንቶ ነበር፣ እማማ። ከመጋዘን እየጫነ፣ እናንተን ሆስፒታል አድርሶ፣ ከተማ ላለው ሥራ ያወርዳል። ሸሚዙን የማጥበው እኔ ነኝ፤ እንደምጠረጥር ያውቃል። ያን ቀን ቦዩ ውስጥ ሁሉም ሲበተን ደግሞ በዓይኔ አየሁት። እርስዎ ሳይነቁ የካባው ሰዎች መጥተው ለቀሙለት። ‹ዝም በይ› አለኝ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ። እህል ሲያቅትዎት እያየሁም ዝም አልኩ።»

ልጇ አመሻሹ ላይ ሲገባ ራት አልቀረበም ነበር። ሁለቱን ሴቶች አይቶ ነገሩን አወቀው። ቁጭ አለ።

«ኮንትራክተሩ ሰው አመላልስ አላለኝም። ሲሚንቶ ካላደረስክ ሌላ አለኝ ነው ያለኝ። ምን ላደርግ? የምንበላውን ማን ያምጣ?» አለ።

«እሱንስ ልተውልህ። አሸዋዬን ለምን አላወረድከውም? ጎሚስታው ነግሮህ ሳለ?»

«ሸራውን ገልጠሽ ብታዪስ? ከላይ አሸዋ መታየት ነበረበት።»

በስሟ ሲደረደር የኖረው አሸዋ፣ በየደጁ ያወራችለት ደግነት፣ ሁሉም መሸፈኛ ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሺ። በዚያ ኮሪደር፣ በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት፣ የእኔ አሸዋ ነው ስል ለምን ዝም አልክ?»

ልጁ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያባብላት ሁሉ፣ «አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው፣ እማዬ። አንቺ ያልቻልሽው ነገር የለም» አለ።

«ጎማም እኮ የሚችለው ጎኑ ላይ ተጽፎበታል» አለችው። «የእኔን ማን አነበበው?»

ከውስጠኛው ክፍል ባሏ አንድ ጊዜ አሳለ። ሁሉንም ሰምቷል። ልጁን አላስጠራውም፤ ልጁም ሊገባ አልደፈረም።

ልጁ ከዚያ በኋላ በቤቱ ውስጥ እንደ እንግዳ በጥግ በጥግ ሄደ። የመኪናዋን ጎን አስቀጠቀጠ፤ የከባድ ጭነቱን ጎማዎች ከጎሚስታው አስመልሶ አስገባ። ሩቅ አገር መንገድ የሚሠራ ሌላ ኮንትራክተር አገኘ። ለሚስቱ «ዕቃሽን አዘጋጂ» አላት። እሷ ግን የጀመረችውን እጅጌ መስፋቷን አላቆመችም።

«ሚስቴ አይደለሽም?»

«ነኝ። ግን ዛሬ አሸዋ ሥር ሲሚንቶ የደበቀ ሰው፣ ነገ እኔ ሥር ምን እንደሚደብቅ አላውቅም።»

እናትየው ሽንኩርት እየከተፈች ሰማች። ቢላውን አስቀምጣ «ሂጂ፣ ልጄ፤ ባልሽ ነው» ልትል አሰበች። አፏ አልታዘዝ አላት። የምራቷ ድጋፍ እንዳይቀርባት ስለፈራች ይሁን ስላመነችባት፣ ዛሬም ቢሆን ለይታ አታውቀውም።

የሄደው በጠዋት ነው። አባቱ አልጋ አጠገብ ገብቶ «በርታ፣ አባዬ» አለ። አባትየው እጁን ያዝ አድርጎ ለቀቀው። እናቱን ትከሻዋን ስሞ ወጣ። እሷ እስከ በሩ ደርሳ ቆመች። መኪናዋ ኮረኮንቹን ስትጀምር ባዶው ካሶኒ ተንገጫገጨ፤ ብረቱ ከብረት እየተጋጨ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ከመታጠፊያውም ወዲያ ይሰማ ነበር።

ወደ ውስጥ ስትመለስ ባሏ ጣሪያውን እያየ ነው።

«ባዶዋን ናት» አላት።

«አዎ፣ ባዶዋን ናት። ጎማው የሚለመጠው ክብደት ሲያርፍበት ነው» አለችው። «ያኔ ጠይቀኸኝ ነበር።»

ሆስፒታል ሂድ ብላም ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም፤ እሱም መኪና የሚባል ነገር ላይ ሁለተኛ አልወጣም። ልጃቸው ፒካፗን ይዞ ሄደ። ምራቷ ከነስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ቀረች።